የነፍሰ ጡር እናት የጎን ውጋት፦ የኩላሊት ጠጠር በእርግዝና ጊዜ የሚያመጣው ሕመምና አደጋ

በሰበካዎቻችን አንዲት ነፍሰ ጡር «ጎኔን ወጋኝ» ስትል የሚሰጣት መልስ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ብርድ ነው፣ ሸክም ነው፣ ምች ነው፣ ልጁ ተጋድሞ ነው ይባልላታል። ትኩስ ነገር ጠጥታ ትተኛለች፤ ሕመሙ ለጊዜው ሲተዋት ሰውም ነገሩን ይተወዋል። በእርግጥ ከእነዚህ ውጋቶች አብዛኞቹ ከወገብና ከጅማት መሳሳብ የሚመጡ፣ ከወሊድ በኋላም የሚጠፉ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ከኩላሊት ይነሣሉ፤ ከእነዚህም አንዱ የኩላሊት ጠጠር ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ ሕመም ለአባቶች ካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት መጠነኛ ማብራሪያ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

ሕክምናውን የሚሰጠው የጤና ባለሙያ ሆኖ ሳለ ካህን ወይም የሰበካ ተመራጭ ስለ ኩላሊት ጠጠር ማወቁ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ያለው ሕመሙ በሚጀምርበት ሰዓት ነው። ውጋቱ ሌሊት ሲነሣ በአጠገቧ የሚገኙት ባለቤቷ፣ እናቷና ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ሲነጋም ከጤና ጣቢያው ይልቅ የነፍስ አባት ቤት የሚቀርብበት መንደር ብዙ ነው። «እስኪ ትታገሥ» ወይም «አሁኑኑ ትሂድ» የሚለው ቃል የሚነገረው በዚያ ነው። በእርግዝና ጊዜ ጠጠሩ ራሱ እናትን የሚገድልበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው። አደጋው የሚከፋው ከውጋቱ ጋር ትኩሳት ሲታከልና ያ ትኩሳት ሳይታከም ሲያድር ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከአፈጣጠሩ መጀመር ይሻላል። ኩላሊቶቻችን በጀርባችን በኩል ከጎድን አጥንቶች ሥር በግራና በቀኝ ተቀምጠው ደምን ያጣራሉ። ሽንቱ ከየኩላሊቱ በቀጭን ቱቦ እየወረደ በፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል። የቱቦው ርዝመት ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የውስጡ ስፋት ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሽንት ውስጥ የሟሙ ማዕድናት አሉ፤ ውሃው በቂ ሲሆን ሟሙተው ይወጣሉ፣ ውሃው ሲያንስ ግን እየወፈሩ ይረጋሉ። ውሃ ደጋግሞ በፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚጋገር ያለ ነው። አብዛኛው ጠጠር ከካልሲየም ጋር ኦክሳሌት ወይም ፎስፌት ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው፤ በነፍሰ ጡሮች ላይ ካልሲየም ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ይበረክታል። ከዩሪክ አሲድ የሚሠራም፣ ከተደጋጋሚ የሽንት ኢንፌክሽን የሚመጣም አለ።

ጠጠሩ በኩላሊት ውስጥ አርፎ ሳለ ላያምም ይችላል። ለዓመታት ጠጠር ይዞ ሳያውቀው የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ሕመሙ የሚጀምረው ጠጠሩ ወደ ቱቦው ገብቶ ሲሰነቀር ነው። ሽንቱ መውረጃ አጥቶ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ ኩላሊቱ ይወጠራል፣ ቱቦውም ጠጠሩን ለመግፋት በኃይል ይኮማተራል። ውጋቱ እንደ ምጥ እየመጣ የሚሄደውም በዚህ ምክንያት ነው።

እርግዝና በዚህ ላይ የራሱን ለውጥ ያመጣል። ፕሮጄስትሮን የሚባለው የእርግዝና ሆርሞን የሽንት ቱቦዎችን ጡንቻ ያላላል፤ እያደገ የሚሄደው ማሕፀንም ቱቦዎቹን ይጫናል። ማሕፀን በአብዛኛው ወደ ቀኝ ያዘነብላልና የቀኙ ኩላሊት ከግራው ይልቅ ያብጣል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከ10 ነፍሰ ጡሮች እስከ 9 በሚደርሱት ላይ የቀኙ ኩላሊት ሰፍቶ ይታያል፤ ይህ ያለ ምንም ጠጠር የሚሆን ተፈጥሯዊ ለውጥ ነው። ስለዚህ አንዲት እናት በአልትራሳውንድ ታይታ «ኩላሊትሽ ትንሽ ሰፍቷል» ቢሏት ወዲያው ጠጠር አለብኝ ብላ መደንገጥ አይገባትም። ከዚሁ ጋር ኩላሊት የሚያጣራው መጠን በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ በሽንት የሚወጣው ካልሲየምም ይበዛል። ነገር ግን ጠጠር እንዳይረጋ የሚከላከሉት እንደ ሲትሬት ያሉ ንጥረ ነገሮችም አብረው ስለሚጨምሩ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ካላረገዘችው ይልቅ ለጠጠር የተጋለጠች አይደለችም። ልዩነቱ ጠጠር ሲኖር የሚያስከትለው ነው፤ በሽተኛዋ አንዲት፣ ነፍሱ ግን ሁለት ነው።

በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች የሚሰጡት ግምት ሰፊ ቢሆንም፣ ከ200 እስከ 1,500 በሚሆኑ እርግዝናዎች መካከል በአንዱ ላይ ሕመም ያስነሣ ጠጠር ይገኛል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ከእርግዝናው ከራሱ ውጭ ባሉ ምክንያቶች ነፍሰ ጡሮችን በሆድ ሕመም ሆስፒታል ከሚያስተኙት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ይህ ነው። ከ10 እናቶች 8 ወይም 9 የሚሆኑት የሚታመሙት ከሦስተኛው ወር በኋላ ነው።

የሕመሙ ጠባይ ከታወቀ የመለየቱ ሥራ ይቀላል። የጠጠር ውጋት ብዙ ጊዜ በድንገት ይነሣል። በአንድ ወገን ከጎድን አጥንት ሥር ከጀርባ ጀምሮ ወደ ፊት ይዞራል፤ ወደ ታች ወደ ብሽሽትም ይወርዳል። ከወገብ ሕመም የሚለየው በዕረፍት አለመታገሡ ነው። ወገቧን ያመማት እናት ተኝታ ስትቆይ ይሻላታል፤ ጠጠር የያዛት ግን ተኝታም ተቀምጣም አያስችላትም፣ ትነሣለች፣ ትንቆራጠጣለች፣ ግድግዳ ትደገፋለች። ማቅለሽለሽና ማስመለስ አብሮ ይመጣል። ሽንቷ ቀይ ወይም እንደ ሻይ የጠቆረ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ ደሙ በዓይን ሳይታይ በላቦራቶሪ ብቻ ይገኛል። ጠጠሩ ወደ ፊኛው ሲቃረብ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣባታል፤ ያቃጥላታልም።

በአንድ የሰበካ ሥልጠና ላይ አንድ አባት «ታዲያ ይህ ሁሉ ምልክት ቢኖር ምጥ ሳይሆን ጠጠር ነው ብለን መናገር እንችላለን?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱ ግን አንችልም ነው። እየመጣ የሚሄድ ሕመም ያለጊዜው የመጣ ምጥም ሊሆን ይችላል። ሆዷ ደረቅ ብሎ ከጠነከረና ከማሕፀን ደም ከፈሰሳት የእንግዴ ልጅ መላቀቅ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ እናትንም ልጅንም የሚያሳጣ አደጋ ነው። በቀኝ በኩል ከላይ የሚሰማ ሕመም ከራስ ምታትና ከዓይን መደብዘዝ ጋር ከመጣ የእርግዝና ደም ግፊት ምልክት ነው። ትርፍ አንጀትም በእርግዝና ጊዜ በማሕፀኑ ተገፍቶ ከወትሮው ቦታው ከፍ ስለሚል፣ ሕመሙ የኩላሊት መስሎ ሐኪምን ሳይቀር ያሳስታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሆነ ደግሞ ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የእኛ ድርሻ የበሽታውን ስም ማውጣት ሳይሆን፣ ነፍሰ ጡር በኃይል ስትታመም ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን በቤት እንዳትቆይ ማድረግ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በጠጠር በተዘጋ ቱቦ ጀርባ የተጠራቀመ ሽንት እንደ ረጋ ኩሬ ነው፤ ተሕዋስያን ከገቡበት በፍጥነት ይራቡበታል። በሌላ ጊዜ የሽንት ኢንፌክሽን በመድኃኒት ይድናል። እዚህ ግን መግል የተቀላቀለው ሽንት መውጫ ስለሌለው መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ የተዘጋው ነገር መከፈት አለበት። ካልተከፈተ ተሕዋስያኑ ወደ ደም ይገባሉ። ያኔ እናቲቱ በብርድ ትንቀጠቀጣለች፣ ትኩሳቷ ይጨምራል፣ ልቧ ይፈጥናል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ አንዳንድ ጊዜም መቀባጠር ትጀምራለች። ሲብስ ትኩሳቱ ወርዶ ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፤ ቤተ ሰብ «ተሻላት» ብሎ የሚያርፈው በዚሁ ክፉ ሰዓት ነው። ከትኩሳት ጋር የመጣ የጎን ውጋት የዛሬ እንጂ የነገ ጉዳይ አይደለም። ቅዳሴ እስኪያልቅ፣ ገበያ እስኪበተን፣ ባልዋ ከእርሻ እስኪመለስ አይጠበቅበትም። ፓራሲታሞል የወሰደች እናት ትኩሳቷ ለሰዓታት ሊሸፈን እንደሚችልም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ለጤና ባለሙያው ምን እንደ ዋጠችና መቼ እንደ ዋጠችው መናገር አለባት።

ትኩሳት ባይኖርም እንኳ የሚያስቸኩሉ ሌሎች ሁኔታዎች አሉ። የዋጠችው ሁሉ ወደ ላይ የሚመለስባት፣ ሽንቷ የቆመባት ወይም እጅግ ያነሰባት፣ አስቀድሞ አንድ ኩላሊት ብቻ እንዳላት የተነገራት እናት በዚያው ቀን መታየት ይገባታል። የፅንሱ እንቅስቃሴ የቀነሰባት፣ ውሃ የፈሰሳት ወይም ደም ያየች እናትም እንዲሁ።

በፅንሱ ላይ የሚመጣው ዋናው አደጋ ያለጊዜው መወለድ ነው። በኩላሊት አካባቢ የሚፈጠረው ቁጣና ኢንፌክሽን ማሕፀንን ሊያነሣሣ፣ ከ37 ሳምንት በፊት ምጥን ሊያመጣ ይችላል። የሽርት ውሃ ከጊዜው በፊት የሚፈስበትም ጊዜ አለ። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን እስትንፋሱን የሚረዳ መሣሪያና ሙቀት በሌለበት ቦታ ምን እንደሚገጥመው በገጠር ላለን አገልጋዮች መንገር አያስፈልግም። በሌላ በኩል ግን በጊዜው የታከሙት አብዛኞቹ እናቶች ጤናማ ልጅ ይወልዳሉ፤ ጠጠር የተገኘባት እናት «ልጄን አጣሁት» ብላ ተስፋ እንዳትቆርጥ ይህን ቃል ከካህን መስማቷ ይጠቅማታል።

ወደ ጤና ተቋም ስትደርስ የሚደረግላት ምንድን ነው? ሽንቷና ደሟ ይመረመራል፣ የደም ግፊቷና ሙቀቷ ይለካል፣ የፅንሱ የልብ ምት ይደመጣል። ከዚያ በአልትራሳውንድ ትታያለች። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ ስለሆነ ጨረር የለበትም፤ «ልጁን ይጎዳል» ተብሎ የሚወራው ስሕተት ነው። ኤክስሬይና ሲቲ ስካን ግን ጨረር ስላላቸው በእርግዝና ጊዜ ሐኪሙ የግድ ካላስፈለገው በቀር አያዝዛቸውም። አልትራሳውንድ ትንንሽ ጠጠሮችን ሁልጊዜ አያሳይም፤ በመጀመሪያው ቀን «ምንም አልታየም» ተብላ የተመለሰች እናት ውጋቱ ዳግመኛ ቢነሣባት ዳግመኛ መሄድ አለባት።

ደስ የሚያሰኘው ከ10 እናቶች ከ6 እስከ 8 በሚሆኑት ላይ ጠጠሩ ያለ መሣሪያ በራሱ ጊዜ መውጣቱ ነው፤ በተለይም ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ከሆነ። የሚሰጣት የሕመም ማስታገሻ፣ የማስመለስ መከላከያና፣ መጠጣት ካልቻለች በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ነው። ሽንቷን በንጹሕ ስስ ጨርቅ እያጠለለች እንድትሸና ትመከራለች፤ የተገኘችው ጠጠር በወረቀት ተጠቅልላ ለሐኪሙ ብትደርስ ከምን እንደ ተሠራች ሊመረመር ይችላል።

ስለ ማስታገሻ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በየመድኃኒት ቤቱና በየግል ክሊኒኩ ለውጋት ሁሉ ቶሎ የሚሰጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ናቸው፤ ላላረገዘ ሰው የጠጠርን ሕመም በደንብ ያስታግሣሉ። ለነፍሰ ጡር ግን አደጋ አላቸው። ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ የፅንሱን ኩላሊት ሥራ በመቀነስ የሽርት ውሃው እንዲያንስ ሊያደርጉ እንደሚችሉ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2020 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። ከ30ኛው ሳምንት ገደማ በኋላ ደግሞ በፅንሱ ልብ አጠገብ ያለው የደም ሥር ከመወለዱ በፊት እንዲዘጋ ሊያደርጉ ይችላሉ። ስለዚህ ሆዷ ገና ያልገፋ እናት መርፌ ከመወጋቷ ወይም ክኒን ከመግዛቷ በፊት «ነፍሰ ጡር ነኝ» ብላ መናገር አለባት። ለነፍሰ ጡር የተለመደው ፓራሲታሞል ነው፤ ካልበቃ ሐኪም የሚያዝዘው የበረታ ማስታገሻ አለ። ከፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችም እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ያሉት በእርግዝና ጊዜ በተቻለ መጠን ይወገዳሉ፤ በፈንታቸው የሚስማሙ ሌሎች አሉ። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን መዋስ የማይገባው ለዚህ ነው።

ጠጠሩ አልወጣ ካለ፣ ሕመሙ ካልታገሠ ወይም ኢንፌክሽን ከተጨመረ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ትላካለች። በዚያም አንዱ መንገድ ከፊኛ እስከ ኩላሊት ስስ የፕላስቲክ ቱቦ አስገብቶ ሽንቱን ከጠጠሩ ጎን ማሳለፍ ነው። ሌላው በጀርባ በኩል በቀጥታ ወደ ኩላሊት ቀጭን ቱቦ አስገብቶ መግሉን ወደ ውጭ ማፍሰስ ነው። ባለሙያና መሣሪያ ባለበት ደግሞ በሽንት መውጫው በኩል በሚገባ ቀጭን መሣሪያ ጠጠሩን ማውጣት ይቻላል። ከውጭ በሞገድ እየመታ ጠጠር የሚፈረካክሰው ሕክምና ግን ለነፍሰ ጡር አይደረግም። ውስጥ የሚቀመጠው የፕላስቲክ ቱቦ በእርግዝና ጊዜ ቶሎ ስለሚያጋግር በየአራትና በየስድስት ሳምንቱ ገደማ መለወጥ ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚሁ ቱቦ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ውሃ እንምጣ፤ ከሰበካ ሥራ ጋር ነገሩ በቅርብ የሚገናኘው እዚህ ነውና። ጠጠርን ለመከላከል ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ውሃ መጠጣት ነው። ሐኪም በሌላ ምክንያት ካልከለከላት በቀር አንዲት ነፍሰ ጡር በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ፈሳሽ ያስፈልጋታል፤ በልማድ «ሃይላንድ» ከምንለው የሁለት ሊትር ጠርሙስ አንድ ሙሉና ከዚያ ትንሽ በላይ ማለት ነው። በቆላ አገርና በበጋ ላቡ ስለሚበዛ ይጨምራል። መመዘኛው ሽንቷ ነው፤ እንደ ገለባ የነጣ ከሆነ ውሃው በቅቷታል፣ እንደ ጠላ ከጠቆረ አልበቃትም። ውጋቱ በተነሣ ሰዓት ግን ብዙ ውሃ በኃይል መጋት ጠጠሩን አይገፋውም፤ ማስመለስን ያብሳል እንጂ። ወተት «ጠጠር ያመጣል» ብሎ መከልከልም ትክክል አይደለም። በምግብ የሚገኘው ካልሲየም ኦክሳሌቱን በአንጀት ውስጥ ይይዘዋልና ይጠቅማል፤ መቀነስ ያለበት ጨው ነው።

ውሃ መጠጣት ቀላል ምክር ይመስላል፤ ለብዙ እናቶች ግን ቀላል አይደለም። ጀሪካን ተሸክማ ከምንጭ ውሃ የምትቀዳዋ እናት ከቤቱ ሰው ሁሉ ያነሰ የምትጠጣው እርሷ ናት፤ ለልጅ፣ ለከብት፣ ለምግብ ሰጥታ የተረፈውን ትጎነጫለችና። ሌላም ምክንያት አለ። በገበያና በቤተ ክርስቲያን ግቢ ለሴቶች የተከለለ መጸዳጃ ቤት በሌለበት፣ ነፍሰ ጡሯ ሽንት እንዳይመጣባት ብላ ከማለዳ ጀምሮ ውሃ አትቀምስም፤ የመጣባትንም ይዛ ትውላለች። ሽንትን መያዝ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። በየደብሩ የሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ከዕቅዱ መጨረሻ ላይ የሚቀመጥበት ልማድ ሊታሰብበት ይገባል ባይ ነኝ።

ከዚያ የጾሙ ጉዳይ ይመጣል። ዲያቆን እንደ መሆኔ በዚህ ላይ ፈቃድና ክልከላ የመስጠት ሥልጣን የለኝም፤ ሥልጣኑ የነፍስ አባት ነው። የሚታየውን መናገር ግን ይገባል። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ብዙ ነፍሰ ጡሮች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ዐቢይ ጾም የሚውለው ደግሞ ፀሐዩ በሚበረታበት ወራት ነው። የታመመ ሰው ከጾም ድንጋጌ እንደሚለቀቅ የቀኖና መጻሕፍቶቻችን ይናገራሉ፤ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናትም በነፍስ አባት ፈቃድ ማቅለል በቤተ ክርስቲያናችን የታወቀ ነው። ችግሩ ሥርዓቱ አለመኖሩ ሳይሆን እናቶች ለመጠየቅ ማፈራቸው ነው። «ጎረቤቴ አርግዛ ስትጾም እኔ እንዴት እበላለሁ» ይላሉ። ከዚህ ቀደም ጠጠር የነበረባት ወይም ሽንቷ የሚያቃጥላት ነፍሰ ጡር እስክትጠይቅ ሳይጠብቁ የነፍስ አባቷ ራሳቸው ጠርተው «ውሃ ጠጪ» ቢሏት፣ ከማንም ምክር ይልቅ ይህ ይሰማል። ለቅዱስ ቁርባን የምትዘጋጅ ከሆነም የሚጾመው ሰዓት ከእርሳቸው ጋር አስቀድሞ ሊመከርበት ይችላል።

ስለ ጠበልም ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ። በኤች አይ ቪ ዘመን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምና መድኃኒት ከእግዚአብሔር ዘንድ መሆናቸውን ያስተምራል። ለዚህ ሕመም ደግሞ አብሮ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ቅደም ተከተሉም ይታሰብ፤ ትኩሳት ያለባት ነፍሰ ጡር መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ፣ ጠበሉ በጠርሙስ ይከተላት። ጠጠር ያወርዳል ተብሎ የሚሰጠው ቢራና ጠላ ግን ለነፍሰ ጡር አይገባም፤ አልኮል ፅንስን ይጎዳል። መጠናቸው ያልታወቀ የሥር መድኃኒቶችም ማሕፀንን ሊያነሣሡ ስለሚችሉ መወገድ አለባቸው።

የእርግዝና ክትትል የሚጠቅመው እዚህም ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራል። በክትትሉ ሽንቷ ሲመረመር ምንም ሳያማት ተሕዋስያን ሊገኙባት ይችላሉ፤ በነፍሰ ጡር ላይ ይህ ካልታከመ ወደ ኩላሊት ሊወጣ ስለሚችል ሕመም ባይኖርም ይታከማል። ቀደም ሲል ጠጠር የነበረባት እናት ይህን በመጀመሪያው ቀን ለአዋላጅ ነርሷ መንገር ይኖርባታል።

የሰበካ ጉባኤው ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የወረዳው አምቡላንስ ሾፌር ስልክ በሰበካው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይና በነፍስ አባቶች እጅ ይኑር። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ቃሬዛ የሚሸከሙ ወጣቶች ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አስቀድመው ይመደቡ። ሰንበቴና የጽዋ ማኅበራት ለድንገተኛ ጉዞ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ለይተው ቢያስቀምጡ፣ ሌሊት ብድር ፍለጋ የሚባክነው ሰዓት ይተርፋል። ቤተ ሰቡ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆነ ደብተሩን ይዞ፣ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ተቀብሎ ይሂድ፤ ያለዚያ ሆስፒታል ሲደርስ ከኪሱ ሊጠየቅ ይችላል። በየዓመቱ የአባልነት ምዝገባና እድሳት ሲደርስ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ማስታወስ የስብከተ ወንጌል ክፍሉ ሥራ ቢሆን አይከብድም።

የፕላስቲክ ቱቦውን ነገር እንመለስበታለን ብለን ነበር። ይህ ቱቦ ሽንት ቶሎ ቶሎ እንዲመጣና ጎን እንዲከብዳት ቢያደርግም፣ ከጥቂት ቀን በኋላ እናቲቱ ትለምደዋለች። ከወለደች በኋላ በሕፃኑ ተይዛ፣ ሕመሙም ትቷት፣ ወደ ሆስፒታሉ ሳትመለስ የምትቀርበት ጊዜ አለ። የተረሳ ቱቦ ግን በራሱ ላይ ጠጠር እየጋገረ ቱቦውን ዳግመኛ ይዘጋል፤ ከወራት በኋላ ለማውጣት ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ፣ ኩላሊቱም ሊጠፋ ይችላል። በእርግዝና የሰፋው ኩላሊት ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ገደማ ወደ ቀድሞው መጠን ስለሚመለስ፣ የቀረው ጠጠር በደንብ ተመርምሮ የሚወጣውም ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ ጊዜ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ለክርስትና ከምትመጣበት ጊዜ ጋር ይቀራረባል። እናቲቱ ያን ቀን ሕፃኑን ታቅፋ በካህኑ ፊት ትቆማለችና፣ ቱቦ ገብቶላት እንደ ነበር የሚያውቁ አባት ያስወጣችው እንደ ሆነ ይጠይቋት፤ ካላስወጣችም የቀጠሮ ወረቀቷን አይተው በዚያው ሳምንት ከማን ጋር እንደምትሄድ ከክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ጋር ይነጋገሩ።